ሳህሉ «እሷ» የሚላት ተክል

ምሥራቅ በባሏ መቅናት የጀመረችው በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ያስቀናቻት ደግሞ ሴት አይደለችም፤ ቁመቷ ከጉልበት የማያልፍ፣ በነጭ የፕላስቲክ ማስቀመጫ የተተከለች የቤት ውስጥ ተክል ናት። የነገረችኝ ራሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከጄን ኤንድ ፊንች ተነስተን ኢቶቢኮ ወደ ሥራችን ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት እየተያዩ አይነገርም። በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ግን ይወጣል።

ሁለታችንም የምንሠራው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ትልቅ ኪችን ውስጥ ነው። ትሪ ላይ ሰላጣውን፣ ዳቦውን፣ ቅቤውን፣ ሹካና ቢላውን ደርድረን ወደ ጋሪ እናስገባለን። ምሥራቅ በዚህ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት ቆይታለች። እጇ ፈጣን ነው። የኔ ትሪ ላይ ሹካው ዞሮ ካየች ምንም ሳትል እጇን ዘርግታ ታስተካክለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር። እያደር ግን ክፋት እንዳልሆነ ገባኝ፤ የተጣመመ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም።

ባሏ ሳህሉ ዝምተኛ ሰው ነው። የተዋወቁት ሁለቱም ለአገሩ አዲስ ሳሉ፣ ሪጀንት ፓርክ አካባቢ በነበረ የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከተጋቡ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቤዚ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኦታዋ ነው የምትሠራው። ሳህሉ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ከመጋዘኑ ደረጃ ሲወርድ በረዶ አዳለጠውና በጀርባው ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ዋለ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ አዘዘው፤ ለጀርባው ሕክምና ፊዚዮ ጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ የቀረውን ጊዜ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ያያል።

በሚያዝያ ወር እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እትዬ ውብአለም የሚባሉ ጎረቤታቸው ኤድመንተን ልጃቸው ጋ ለመኖር ዕቃቸውን ሸከፉ። ከመሄዳቸው በፊት ተክሏን ታቅፈው መጡ።

«ሳህሉ፣ ቤት የምትውለው አንተ ስለሆንክ ላንተ ነው የምሰጣት» አሉት። «ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ፒስ ሊሊ ይሏታል። ብዙ ጣጣ የላትም። ጣትህን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ታስገባለህ። ደረቅ ከሆነ ታጠጣታለህ፣ እርጥብ ከሆነ ትተዋታለህ።»

ምሥራቅ ያኔ ክፉ ነገር አልተሰማትም። እንዲያውም ደስ አላት። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ከሚውል አንድ የሚነካካው ነገር ቢያገኝ ምን አለበት አለች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳህሉ ተለወጠ። የቧንቧውን ውሃ በጆግ ቀድቶ አንድ ቀን ያሳድረዋል፤ ኬሚካሉ ይውጣለት ብሎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ካናቴራውን ለብ ባለ ውሃ እየነከረ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ ከላይም ከሥርም ይወለውላል። ብርሃኑ ለሁሉም ጎን እንዲደርስ ማስቀመጫዋን በየሦስት ቀኑ ያዞራታል። አንድ ቀን ምሥራቅ ከሥራ ስትገባ፣ ሁልጊዜ ተቀምጣ ጫማዋን የምታወልቅባት ወንበር ከመስኮቱ ሥር ተነስታ ግድግዳው ጥግ ቆማ አገኘቻት። በቦታዋ ተክሏ በርጩማ ላይ ተሰይማለች።

«ወንበሬስ?»

«እዚያ ጋ አድርጌልሻለሁ። ጠምቷት ነው መሰለኝ ዛሬ ቅጠሏን ጥላ ጠበቀችኝ።»

«ማን?»

«እሷ» አለ፣ በአገጩ ወደ መስኮቱ እያመለከተ።

ምሥራቅ ይህን ስትነግረኝ የሳህሉን ድምፅ አስመስላ «እሷ» አለች። ቃሉን የተናገረበት ልስላሴ ነው የነከሳት። «እኔን ሲጠራኝ እንኳን እንደዚያ አይልም» አለችኝ። ስምንት ሰዓት ቆማ ውላ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ቤት ስትደርስ «ደከመሽ ወይ?» የሚላት የለም። ተክሏ ግን ገና አንድ ቅጠል ዘንበል ስታደርግ ሰውዬው ከነበሽታው ከሶፋው ይነሳል።

ሰኔ ላይ የጋብቻቸው ቀን መጣ። ሳህሉ አላስታወሰም፤ እሷም ላስታውሰው አላለችም፤ ዝም ብላ ያዘችበት። በዚያው ሳምንት ትሪ እየደረደርን ሳለ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሳህሉ ሥራ ቦታ ኮል አድርጎላት አያውቅም። ወደቀ ወይም ሐኪም ቤት ገባ ብላ ጓንቷን አውልቃ ሮጠች። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዋ እየተጣራ ነው። ኮሪደር ላይ ስታነሳው ሳህሉ፣ «አበባ አወጣች! ነጭ ናት፣ ጠዋት አልነበረችም» አላት።

ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን ሆነ?» ብላት «አበባ» አለችኝ። ጓንቷን አጥልቃ ወደ ትሪዋ ዞረች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። አንድ እሑድ ሳህሉ ስልኩ እንደሞላ ነግሯት ፎቶዎቹን ልታጠፋለት ተቀመጠች። የተክሏን ፎቶዎች ቆጠረቻቸው፤ መቶ አርባ ሁለት። ከጎን፣ ከላይ፣ ፀሐይ ሲመታት፣ ውሃ ስትጠጣ። ለቤዚም ይልክላታል፤ ቤዚ በእንግሊዝኛ «ታምራለች፣ አባዬ» እያለች ትመልሳለች። የምሥራቅ ፎቶ አንድ ብቻ ነበረ። እሱም ከትልቅ ቅጠል ኋላ፣ ብዥ ያለ፣ ኪችኑ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም።

«ቲጂ፣ እኔም ቅጠል ባወጣ ያየኝ ነበር» አለችኝ።

ሳቅኩኝ። እሷ አልሳቀችም።

«ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? በአበባ ቀናሁ ብዬ?»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ማዳመጥ እንደጀመረችም ነገረችኝ። ሳህሉ ተክሏን ሲያጠጣ ያወራታል። የሚለው ቁም ነገር የለውም፤ ዛሬ ብርድ ነው፣ ፊዚዮው እንዲህ አለኝ፣ ወገቤ ትናንት ደህና ነበር። ምሥራቅ የወገቡን ነገር የምትሰማው በበር ቀዳዳ ሆነ። ያንገበገባትም እሱ ነው። ፍቅሩን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ተክሏ ወሰደችባት።

ኅዳር ላይ፣ ምሥራቅ ሥራ በሌላት አንድ ቀን፣ ሳህሉ ሐኪም ጋ አፖይንትመንት ነበረው። እሱ እንደወጣ ቤት ልታጸዳ ተነሳች። ምንጣፉን ልትጠርግ ተክሏን አንስታ በረንዳ ላይ አወጣቻት። «ለአንድ አፍታ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ቀጥላም፣ «እስከዚህ ድረስ እውነት ነው» አለች። ከጠረገች በኋላ የበረንዳውን በር ስትዘጋ ተክሏ ውጭ እንደቀረች ታውቃለች። ውጭው ከዜሮ በታች ነው። ነፋሱ ቅጠሎቹን እያገላበጠ ሲመታቸው በመስታወቱ አየች። መጋረጃውን ሳበችና ካፖርቷን ለብሳ ገበያ ወጣች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ስትመለስ ሳህሉ ቀድሟት ገብቷል። ተክሏን ወደ ውስጥ አስገብቶ ወለሉ ላይ አስቀምጧት ፊት ለፊቷ ቆሟል። ቅጠሎቹ ጠቁረው፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ብለው በማስቀመጫዋ ጠርዝ ላይ ተዝለፍልፈዋል።

«ረሳኋት» አለችው።

ሳህሉ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ይቆጣል ብላ ተዘጋጅታለች። እሱ ግን፣ «ምንም አይደል። ሰው ነሽ፣ ደክሞሽ ነው» አላት። ከዚያ መቀስ አምጥቶ የሞቱትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ይቆርጥ ጀመር። ሲጨርስ የቀሩት ሁለት ትናንሽ ቅጠሎችና ጥቂት ጉቶዎች ናቸው።

በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ነገረችኝ። «ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ንገሪው አልኳት። እነግረዋለሁ አለች፤ አልነገረችውም። በልቧ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ፤ ይህንንም አልደበቀችኝም። ጉቶውን እንኳን ከቅጠሉ ባልተናነሰ እንክብካቤ ሲይዘው አይታ እንደገና ቀናች።

ታኅሣሥ ላይ ሳህሉ የጀርባ ኦፕራሲዮን አደረገ። ደህና ወጣ፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት እንዳይጎነበስ፣ ምንም ነገር እንዳያነሳ ተባለ። ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የጠየቃት ነገር፣ «እባክሽ፣ እሷን አንቺ ያዢልኝ» የሚል ነበር።

ምሥራቅ እሺ አለች። በደሏን የምትክስበት መንገድ ያገኘች መስሏት ነበርና በሙሉ ጉልበቷ ገባችበት። ብርድ ጎድቷታል ብላ ማሞቂያው ላይ አስጠጋቻት። በየቀኑ ከቤት ከመውጣቷ በፊት አጠጣቻት። ማዳበሪያ ገዝታ አፈሰሰችባት። ከሁለቱ ቅጠሎች አንዱ ቢጫ ሆነ። ውሃ ጨመረች። ሁለተኛውም ከጫፉ መቅላት ጀመረ። ጨንቋት ኤድመንተን እትዬ ውብአለም ጋ ደወለች።

«እትዬ ውብአለም፣ ምን ላድርጋት? እየሞተችብኝ ነው።»

«በስንት ቀን ነው የምታጠጫት?»

«በየቀኑ። አንድም ቀን አላሳለፍኩም።»

«ጣትሽን አስገብተሽ ታያለሽ?»

«ኧረ እኔ አላየሁም።»

«ታዲያ መጠማቷን በምን አወቅሽ?»

ምሥራቅ ጣቷን አፈሩ ውስጥ አስገባች፤ ጭቃ ነበር።

«ከማሞቂያው አርቂያትና ተያት» አሉ እትዬ ውብአለም። «ሥሯ ታፍኖ ነው።»

«ዝም ብዬ ልያት ነው የሚሉኝ?»

«ዝም ብለሽ እያት። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።»

አሥራ ሁለት ቀን ምንም ሳታደርግላት ቆየች። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ምሥራቅ ግን በየቀኑ አውቶቡስ ውስጥ ስታወራው ጾም የያዘች ትመስል ነበር። ከሥራ ስትገባ ወንበሯን ጎትታ ተክሏ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጣቷን ታስገባለች፤ እርጥብ ነው፤ ታወጣለች። ጆጉን አይታ ታልፈዋለች። ሳህሉ ከሶፋው ሆኖ ያያታል። በዚያ ቤት ውስጥ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አፈሩ ደረቀ። ትንሽ አጠጣቻት። ከሳምንት በኋላ ከጉቶዎቹ መሃል እንደ መርፌ የቀጠነ፣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ።

ሳህሉ ወዲያው ለቤዚ ኮል አደረገና ስፒከር ላይ አደረጋት። «እናትሽ ናት ያዳነቻት» አላት። «እኔ ብሆን አልችልም ነበር። እናትሽ ናት።»

ምሥራቅ ይህን ሙገሳ መሸከም አልቻለችም። ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ፊቱ ቆመች።

«ሳህሉ፣ ያን ቀን ረስቼ አይደለም።»

«የቱን ቀን?»

«በረንዳ ላይ የተውኳት ቀን። አውቄ ነው በሩን የዘጋሁት።»

ሳህሉ አልገባውም። «ምን አደረገችሽ?»

«እሷማ ምንም አላደረገችኝ። ያደረግከኝ አንተ ነህ። የሷን ጥማት ከቅጠሏ ታውቃለህ። እኔ በዚህ በር ስገባ ግን ምን መስዬ እንደገባሁ አይተህ አታውቅም። ቀናሁባት።»

ሳህሉ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ቀንተሽ ይሆናል። ግን እኔ ሰው ነሽ፣ ደክሞሽ ነው ስልሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ» አለ። ይህን ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳና መኝታ ቤት ገባ። ሦስት ቀን ከ«እሺ»ና ከ«አይ» በቀር አልተነፈሰላትም።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ሳለ ጀመረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ያፈላሁልሽን ሻይ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠጥቻለሁ እንጂ።»

«ትቀምሺውና ቅርንፉዱ በዛ ብለሽ ትደፊዋለሽ። ከዚያ ሌላ ታፈያለሽ። ልብስ ሳጥፍ በትነሽ ታጥፊዋለሽ። ዕቃ ሳጥብ መልሰሽ ታጥቢዋለሽ። አንድ ጊዜ ትከሻሽን አሞሽ ላሽልሽ ብል ደህና ነኝ ብለሽ ተነስተሽ ሄድሽ። ደህና አልነበርሽም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ተውኩት። እሷ የሰጠኋትን ትወስዳለች። ከዚህ ሌላ አንቺን የምትበልጥበት ነገር የላትም።»

ምሥራቅ ይህን የነገረችኝ በንዴት ነው። «አየሽ? በመጨረሻ ጥፋቱ የኔ ሆኖ አረፈው» አለች። እኔም ለእሷ አዳላሁ፤ አንድ ሰው ሻዩ ስለተደፋበት ሃያ ስድስት ዓመት ሚስቱን ማየት ይተዋል እንዴ ብዬ ተቆጣሁላት። ምሥራቅ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ላሽልሽ ያለኝን ረስቼው ነበር። ትዝ ሲለኝ ግን እውነቱን ነው» አለች። በዚያው ቀን ሥራ ላይ እጇን ወደ ትሪዬ ዘረጋችና መሃል ላይ አቆመችው። ሹካዬ እንደዞረ አለፈ።

ምሥራቅ ባንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሆነች አልልም። ሳህሉ ያጠፈውን ፎጣ አይታ ላለመንካት ጥርሷን ስትነክስ ነው የከረመችው። አንዳንዴ አቅቷት ታጥፈዋለች። ሳህሉም ቢሆን «ደከመሽ ወይ?» ለማለት የለመደ አፍ ስላልነበረው፣ ሲጠይቃት ከፊዚዮው ወረቀት ላይ የሚያነብ ይመስል ነበር። ቢሆንም ጠየቃት። እሷም ከብዙ «ደህና ነኝ» በኋላ አንድ ቀን «እግሬን አሞኛል» አለችው።

እውነትም አሟት ነበር። ለካ ወራት ደብቃዋለች። ክሊኒክ አብሯት ሄደ። ሐኪሟ፣ ቆሞ የመዋል ጣጣ ነው፣ ደም ሥሮቿ ደክመዋል ብላ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አዘዘችላት። ያ ካልሲ ለመልበስ ትግል ነው። የመጀመሪያውን ጠዋት ስትጎትት ስትለፋ አውቶቡሱ አመለጣት፤ እኔም ብቻዬን ሄድኩ። በማግሥቱ ሳህሉ የዕቃ ማጠቢያውን የጎማ ጓንት አጥልቆ መጣ። ካልሲው በጎማ ጓንት ሲያዝ እንደማያንሸራትት ቪዲዮ ላይ አይቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት፤ እሱ ዝቅ ያለ ወንበር አምጥቶ ፊቷ ተቀመጠ፤ ጀርባው አሁን ያንን ያህል ይችል ነበር። እግሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ግራና ቀኙን ሲያጠልቅ ሩብ ሰዓት ፈጀ። የግራው ካልሲ ተረከዝ ዞሮ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጣ።

«ጥሩ ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው» አለችው።

አውቶቡስ ውስጥ ሱሪዋን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሙሉ ቀን እንደዚያው ዋለች፤ ስታነክስም አይቻታለሁ። «ነገ ተረከዙን አሳየዋለሁ። ዛሬ ግን አይሆንም» አለችኝ።

አሁን ተክሏ አምስት ቅጠል አላት። አበባ ገና አላወጣችም። ሳህሉ ቀላል ሥራ ተሰጥቶት ወደ መጋዘኑ ተመልሷል፤ ወረቀት ይፈትሻል። ምሥራቅን ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አልለቀቀኝም» አለች። «‹እሷ› ሲላት አሁንም ይነክሰኛል» ብላ ቀጠለች። «ድሮ ግን ሲነክሰኝ እሷን ነበር የምጠላት። አሁን የሆነ ነገር ፈልጌያለሁ ማለት ነው እላለሁ። አንዳንዴ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ኩራቴ አያስጠይቀኝም።»

ለፋሲካ ቤዚ ጋ ኦታዋ ሄዱ። አብረው እረፍት ሲወጡ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን እንጃ። በበዓሉ ሳምንት ማክሰኞ ኮል አደረገችልኝ። ከኋላዋ ነፋስና የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። አንድ የውሃ ቦይ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ብቻሽን ነሽ?» አልኳት።

«ሳህሉና ቤዚ የሚበላ ሊያመጡ ሄደዋል።»

«ምን ሊያመጡልሽ?»

«አላውቅም። ምን ላምጣልሽ ሲለኝ አንተ እንደወደድክ አልኩት።»

ትንሽ አወራን። ሱፐርቫይዘሩ ፈቃድ እንደወጣ፣ በሷ ቦታ የቆመችው ልጅ ቅቤውን እየረሳች እንደሆነ ነገርኳት። መሃል ላይ የሳህሉ ድምፅ ተሰማ፤ ምሥራቅም ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና መለሰችው።

«ምን አመጣ?» አልኳት።

«አይስክሬም። በዚህ ብርድ፣ ቲጂ። እጄ ደንዝዟል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«እየበላሁት ነው» አለች።